አለልኝ ሳይሰማ የዋለበት ዓርብ

ሚኒያፖሊስ አጠገብ ክሪስታል በምትባል ከተማ ያለን ሐበሾች አለልኝን የምናውቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከቀጠሮ ቀድሞ መድረሱ ነው። ሥራው የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ከቤት ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት በቫን ማመላለስ ስለሆነ ሰዓት ማክበር ደሙ ውስጥ ገብቷል። ልደት ብትጠሩት ፊኛው ሳይነፋ ይደርስና ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ያሳቅቃችኋል። በእግሯ የምታዘግም አሮጊት መንገድ ላይ ካየ ደግሞ፣ ሥራ ላይ ሆነም አልሆነም፣ ሳያደርሳት አያልፍም። ሚስቱ አስካለማርያም በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልታዋለች።

ሁለተኛው ቂርቆስ ነው። ቂርቆስ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ከአለልኝ ጋር ትንሽ የቆመ ሰው ስለ ቂርቆስ ሳይሰማ አይለይም። እናታቸው ስትሞት ቂርቆስ የወተት ጥርሱ ገና አልወለቀም ነበር። አለልኝ ራሱም ልጅ ነው፤ ግን ሾላ ገበያ አጠገብ በተከራዩአት አንዲት ክፍል ውስጥ እናትም አባትም ሆኖ አሳደገው። ዩኒፎርሙን ያጥብና ፍራሽ ሥር ዘርግቶ ይተኛበታል፤ ጠዋት የተተኮሰ አስመስሎ ያለብሰዋል። ወደ ናይሮቢ ሲሰደድ ቂርቆስን ለአክስታቸው ትቶ፣ «አስመጣሃለሁ» ብሎት ሄደ። አላስመጣውም። አሜሪካ ገብቶ፣ ዜጋ ሆኖ፣ ወረቀቱ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ቂርቆስ መጠበቅ ሰለቸውና በሱዳን በሊቢያ አድርጎ ባሕር ተሻገረ። ጀርመን፣ ዳርምሽታት የምትባል ከተማ ገብቶ ዳቦ ፋብሪካ የሌሊት ሥራ ያዘ። ሚስት አላገባም፣ ልጅም አልወለደም። ወንድማማቾቹ በስልክ ብቻ የሚገናኙ ሆኑ። አለልኝ ትኬት ልቁረጥ ሲል አንዴ ኮሮና መጣ፣ አንዴ የገዛ ልቡ ታመመና የደም ሥር የሚከፍት ስቴንት ገባለት። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ። እኛማ እናሾፍበት ነበር፤ «ይኼን ቂርቆስ የምትለውን ሰው ፈጥረኸው ነው እንጂ የለም» እንለዋለን። ይስቃል። «በጥቅምት ፎቶ አመጣላችኋለሁ» ይላል።

በጥቅምት የታሰበው የሦስት ጓደኛሞች ጉዞ ነው። አለልኝ፣ በሪሁንና ሞሲሳ ናይሮቢ ውስጥ አንድ ክፍል፣ አንድ ፍራሽ ተጋርተው የኖሩ ናቸው። በሪሁን ዛሬ ሴንት ፖል የመኪና ማቆሚያ ያስተዳድራል፤ የዕድራችንም ሊቀ መንበር ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ስንት መርዶ በእሱ አፍ እንደተነገረ እግዜር ይወቅ። ሞሲሳ የነቀምቴ ልጅ ነው፤ ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ሦስቱም ናይሮቢ እያሉ፣ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ፣ «አንድ ቀን አውሮፓን በራሳችን መኪና ዞረን እናያታለን» ተባብለው ነበር። ልጆቻቸው ኮሌጅ ሲጨርሱ ተነሡ። ሮም ላይ መኪና ተከራይተው፣ ስዊዘርላንድን አቋርጠው፣ ፍራንክፈርት ላይ ሊያስረክቡና ወደ ሚኒያፖሊስ ሊበሩ ነው። አለልኝ ለመንገዱ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀው፤ «የመጨረሻው ቀን የቂርቆስ ነው» አለ። ሐሙስ ማታ እሱ ጋ አድረው ዓርብ አውሮፕላን ጣቢያ ይሄዳሉ።

ፍሎረንስ በደረሱ ዕለት ክሪስታል አለልኝ ቤት ስልክ ተደወለ። ያነሣችው አስካለማርያም ናት፤ የደወለው ናፍያድ የሚባል የቂርቆስ የሥራ ባልደረባ ነው። ቂርቆስ ከሌሊት ሥራ ገብቶ ተኝቶ ሳይነሣ ቀረ። ልቡ ነው አሉ። ናፍያድ በዚያው ስልክ ላይ አንድ ነገር ጨምሮ ተናገረ፤ «ጋሽ አለልኝ በሚቀጥለው ዓርብ እዚህ እንደሚሆኑ ቂርቆስ ነግሮኛል። ቀብሩን ለዓርብ ከቀትር በፊት አስይዘነዋል፣ እሳቸው እንዲደርሱ ብለን።»

እንግዲህ ልብ በሉ። ናፍያድ ያላወቀው መርዶ በስልክ ለማይናገሩ ሰዎች እንደሚያወራ ነው። አስካለማርያም አፏን በፎጣ አፍና አለቀሰችና ወዲያው በሪሁን ጋ ደወለች። ሁለቱም ለመወሰን አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ሰው አገር ለአገር ሲዞር አይነገርም። ቤቱ ገብቶ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዘው ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። በዚያ ላይ ስቴንት አለው። ወንድሙ በልብ ሞቶ እሱንም ዓይናችን እያየ እንግደለው እንዴ? ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሁሉ ኦፍ ነው፤ ያን ቀን መርዶውን ይረዳል። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው። ይኼ በደግነት የተወሰነ ነገር ነው፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝም ደግነቱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን እኮ መስደብ ይቻል ነበር።

የአለልኝ ልጅ ሊዲያ ብቻ ተቃወመች። እዚሁ ሚኒያፖሊስ ነው የተወለደችው። «ማሚ፣ ሂዝ ብራዘር ኢዝ ዴድ። ሂ ሀዝ ቱ ኖው» አለች፤ ወንድሙ ሞቷል፣ ማወቅ አለበት ማለቷ ነው። እናቷ፣ «አንቺ ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም» አለቻት። እውነት አልገባትም።

ከዚያ በኋላ ጉዞው የውሸት ጉዞ ሆነ። አለልኝ የአሜሪካ ስልኩን ኢንተርኔት ስለማያስከፍት ከቤቱ ጋር በበሪሁን ስልክ ነበር የሚገናኘው፤ በሪሁን፣ «ዳታዬ አለቀ» ብሎ ዘጋው። ሚኒሶታ ያለው ሰው ሁሉ ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር እንዳይጽፍ ተነገረው። አለልኝ በሞሲሳ ስልክ ቂርቆስ ጋ ሲደውል አይነሣም፤ በሪሁን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «የሌሊት ሠራተኛ ቀን ይተኛል እኮ» ይለዋል። ሐሙስ ማታ ዳርምሽታት ማደር ሲገባቸው ሞሲሳ በሪሁን ባዘዘው መሠረት፣ «ሆዴን» ብሎ ስትራስቡርግ ላይ ተኛ። አለልኝ የሆቴሉን ማእድ ቤት ሰው ለምኖ ዝንጅብል አፈላለት፤ ላቡን እየጠረገ አጠገቡ ቁጭ አለ። «ይኼን ሲያደርግ ነው እውነት ሆዴን የቆረጠኝ» አለኝ ሞሲሳ በኋላ፣ የሆነውን ሁሉ ሲነግረኝ።

ዓርብ ጠዋት ዝናብ ነበር። አለልኝ ከሁሉም ቀድሞ ተነሥቶ፣ ተላጭቶ፣ ክራቫት አስሮ መኪናው አጠገብ ቆሞ አገኙት። ለቂርቆስ የገዛውን ወፍራም የክረምት ጃኬት በላስቲኩ እንዳለ በእጁ ይዟል።

«ክራቫት ለምንህ ነው?» አለው በሪሁን።

«ወንድሜን ላገኝ አይደለም እንዴ? ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ስንሄድ መንገዳችን ላይ ነው። አንድ ሰዓት ቆመን እንሄዳለን።»

«ስልክ አያነሣም እኮ፣ አለልኝ። ይኖራል ብለህ ነው?»

«ከሌለም በሩን አይቼ እሄዳለሁ። ምን ቸገረህ?»

አለልኝ መጸዳጃ ቤት ሲገባ ሞሲሳ ቁልፉን እንደያዘ በሪሁንን ወደ ጥግ ወሰደው።

«ዛሬ ነው የሚቀበረው። ሁለት ሰዓት መንገድ ነው» አለ ሞሲሳ። «እንንገረውና ይቅበረው።»

«አብደሃል? እዚህ ምን ይዘን? ልቡ ቀጥ ቢል የት እንወስደዋለን? አስካለማርያም አደራ ብላኛለች።»

«የኔ እናት ስትሞት በሦስተኛው ወር ነው የነገራችሁኝ፣ በሪሁን። ሦስት ወር ሙሉ ለሞተች ሴት መድኃኒት እልክ ነበር። አሁንም ያቃጥለኛል።»

«ግን ስንነግርህ አርባ ሰው ነበር የያዘህ። ብቻህን አልነበርክም» አለ በሪሁን። ከልቡ ነው የተናገረው።

አለልኝ መጣ፣ ሦስቱም ገቡ፤ ሞሲሳ መሪውን ያዘ፣ በሪሁን አጠገቡ ተቀመጠ፣ አለልኝ ከኋላ ጃኬቱን ጭኑ ላይ አድርጎ። ጀርመን ሲገቡ መንገዱ ሰፋ፤ መኪኖች በግራ በኩል ሽው እያሉ ያልፏቸዋል። አለልኝ፣ «በቀኝህ ያዝ፣ አታካልበን» እያለ ከኋላ ይነዳል። ቂርቆስ ትንሽ ሆኖ አውቶቡስ ውስጥ ያስመልሰው እንደነበር፣ መስኮት ጋ ካላስቀመጡት እንደሚያለቅስ ያወራል። በዚያ ሳምንት እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም ነበር። በሪሁን ስልክ ላይ ደግሞ የናፍያድ መልእክት ገባ፤ «ጋሽ አለልኝን ይዛችኋቸው ትመጣላችሁ? ቄሱ ደርሰዋል።» በሪሁን፣ «አልሰማም። ሥርዓቱን ፈጽሙ» ብሎ ቴክስት አደረገ።

የዳርምሽታት ምልክት ታየ። ሞሲሳ ቀጥ ብሎ መንዳቱን ቀጠለ።

«ሞሲሳ፣ ኤግዚቱ እሱ ነው» አለ አለልኝ።

«ፍላይት ሚስ እናደርጋለን» አለ በሪሁን ዞር ሳይል።

«የኛ በረራ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚህ አውሮፕላን ጣቢያው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እኔን ሰዓት ታስተምረኛለህ?» ድምፁ ተለወጠ። «ምን ሆናችኋል እናንተ? ሳምንቱን ሙሉ ቂርቆስ ሲነሣ ፊታችሁ ይጠቁራል። ከወንድሜ ጋር ምን አላችሁ? አቁምልኝ። በእግሬ እሄዳለሁ።»

የመኪናውን በር መያዣ ጨበጠ። ሞሲሳ ፍሬቻውን አበራና ወጣ። በሪሁን የሞሲሳን ክንድ ጃኬቱ እስኪጨማደድ ድረስ ያዘው።

ቤቱ ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ሕንጻ ነው። ከደወሉ አጠገብ የቂርቆስ ስም በላቲን ፊደል ተጽፏል። አለልኝ ስሙን በጣቱ ዳሰሰውና ደወለ። ጠበቀ። ደወለ። ሦስቱም ዝናብ ላይ ቆመዋል። ሁለቱ በሩ እንደማይከፈት ያውቃሉ፤ አንዱ ክራቫቱን ያስተካክላል።

በሩ ግን ተከፈተ፤ ከውስጥ የወጣችው አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ናት። ጥቁር ካፖርት ለብሳ፣ በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በሌላው በወረቀት የተጠቀለለ አበባ ይዛለች። አለልኝን ስታይ ባለችበት ቀረች። ወንድማማቾቹ በጣም ይመሳሰላሉ፤ በኋላ ፎቶውን አይቻለሁ። ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እጁን ያዘችና፣ «ቂርቆስ? ብሩደር?» አለችው።

«የስ፣ የስ፣ ብራዘር» አለ አለልኝ ፊቱ በርቶ። «አያችሁ? ስለኔ ነግሯታል ማለት ነው።»

አሮጊቷ ማልቀስ ጀመረች። በጀርመንኛ ብዙ ነገር ተናገረች፤ ሰዓቷን እያሳየች፣ ወደ መንገዱ እየጠቆመች፣ እጅጌውን ትጎትታለች። እንግሊዝኛ አንድም አታውቅም።

«ምንድን ነው የምትለው?» አለ አለልኝ።

ይኼን ጊዜ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። በሪሁንም ጀርመንኛ አያውቅም፤ ግን የምትለው ገብቶታል። «ወደ ቤተ ክርስቲያን ነገር ልትሄድ ነው መሰለኝ፤ ራይድ ፈልጋ ነው» አለ።

አሁን የሚሆነውን ማወቅ ነበረበት፤ ወደ ሠላሳ ዓመት አብሮት ኖሯል። አለልኝ ወዲያው አበባውን ተቀበላት፣ ክንዱን አስያዛት። «በዚህ ዝናብ በእግሯ ልትሄድ? የቂርቆስ ጎረቤት? በሉ እናድርሳት።» በሪሁን ስለ በረራው ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ «ዝም በል፣ ሰው ነን» አለው። ጃኬቱን በላስቲኩ እንዳለ የቂርቆስ የፖስታ ሣጥን ላይ አንጠለጠለና፣ በሥራው እንደለመደው፣ ራሷ ጣሪያው እንዳይመታት በመዳፉ ከልሎ ከኋላ አስገባት። ቀበቶዋንም እሱ አሰረላት። እሷ እጁን አልለቀቀችም። በጣቷ ለሞሲሳ ግራ ቀኝ እያለች ትመራዋለች፤ ሞሲሳ እያለቀሰ ይነዳል። ከኋላ አይታይም።

የቆሙት መቃብር ቦታ በር ላይ ነው።

አለልኝ ወርዶ አሮጊቷን ደግፎ አወረዳት፣ አበባዋን ሰጣት፣ እስከ በሩ አደረሳት። እሷ ግን አልገባ አለች። እጅጌውን ይዛ ወደ ውስጥ ትጎትተዋለች፤ «ብሩደር፣ ብሩደር» ትለዋለች። ከዛፎቹ ባሻገር፣ ራቅ ብሎ፣ ጃንጥላ የያዙ ጥቂት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። አለልኝ አያቸው። ቆቡን አወለቀ።

ሞሲሳ መኪናው ውስጥ ሆኖ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ሊጠራው ነው። ስሙን ብቻ ቢጠራው፣ «አለልኝ፣ ግባ» ቢለው ይበቃል። በሪሁን ጉልበቱን ያዘው። «እዚህ? አፈር ሲለብስ ሊያይ?» አለው በሹክሹክታ። «ሞሲሳ፣ እዚያው ቢወድቅ በማን እጅ ነው? በአንተ ነው። ለሊዲያ አንተ ትነግራታለህ።» ሞሲሳ መስኮቱን መልሶ ዘጋው። ያቺን ልጅ ክርስትና ያነሣት እሱ ነው።

አለልኝ በበኩሉ ሰዓቱን አየ። የአሮጊቷን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ «ሶሪ፣ ሶሪ፣ ኤርፖርት» አላት። ከእጅጌው ላይ ጣቶቿን ቀስ ብሎ አላቀቀ። እሷ በሩ ላይ እንደቆመች እሱ መኪናው ውስጥ ገባ።

«ምስኪን፣ ማን ሞቶባት ይሆን?» አለ ቀበቶውን እያሰረ። «ሰዎቹ እንዴት ጥቂት ናቸው። ሰው የሌለው ሰው ነው። ነፍስ ይማር። ንዳ፣ ሰዓት ደርሷል።»

ሞሲሳ ነዳ።

አውራ ጎዳናው ላይ ሲወጡ የአለልኝ ደግነት አለቀና ንዴቱ መጣ። የሞሲሳን ስልክ ተቀብሎ ደወለ፤ ቂርቆስ አላነሣም፤ መልእክት የሚቀበለው ቮይስ ሜይሉ ተከፈተ። አለልኝ ጮኾ ሳይሆን ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። «አንተ ልጅ፣ ደጅህ ድረስ መጥቼ ሄድኩ። ጎረቤትህ፣ ባዕዷ፣ እጄን ይዛ አልቅሳለች። አንተ ግን በርህን መክፈት አቃተህ። ያሳደግኩህን አልቆጥርብህም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ወንድም አለኝ ብዬ ለሰው አላወራም፣ አንተም አትደውልልኝ።» ስልኩን ለሞሲሳ መለሰና ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከፊት ያሉት ሁለቱ ወደ ኋላ አልዞሩም።

አውሮፕላኑ ውስጥ የቀረበለትን አልበላም። አንድ ጊዜ ብቻ በሪሁንን፣ «ጥፋቱ የኔ ነው አይደል? አስመጣሃለሁ ብዬ ቀርቼበት ነው የቀየመኝ» አለው። በሪሁን፣ «ቤታችን ገብተን እንነጋገርበታለን» አለ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከፍራንክፈርት ተነሥተው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሚኒያፖሊስ ገቡ፤ ፀሐይን ተከትሎ መብረር እንዲህ ያደርጋል። አስካለማርያም በሩ ላይ አቀፈችውና ቶሎ ፊቷን አዞረች። «ቂርቆስን አገኘኸው?» ብላ እንኳን አልጠየቀችም። እሱም አለመጠየቋን ልብ አላለም፤ እንዳትጠይቀው ፈርቶ ነበርና።

ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ ደወሉ ተደወለ። እኔም ከመጡት አንዱ ነበርኩ። መንገዱ ግራና ቀኙ በመኪና ሞልቷል፤ ከሚኒያፖሊስ፣ ከሴንት ፖል፣ ከኤደን ፕሬሪ ያልመጣ የለም። ወንበር አልበቃ ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ተጭኖ መጥቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አለልኝ በፒጃማ ወርዶ ሳሎኑ መሐል ሲቆም ሁሉም ገባው፤ እንዲህ ያለውን ስብሰባ ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ተሰብስቦት ያውቃል።

«እትዬ ናት?» አለ። አክስቱን ማለቱ ነው።

ጋሽ ሐብተማርያም፣ በዕድሜ ትልቁ፣ ትከሻውን ያዙት። «አለልኝ፣ በርታ። ቂርቆስ አርፏል» አሉት። ቤቱ በለቅሶ ተነሣ። አስካለማርያም ፊቷን ነጨች። ግራና ቀኝ ሊይዙት የተዘጋጁ ጎረምሶች ተጠጉ። እሱ ግን አልወደቀም፣ አልጮኸም። ልቡም አልቆመም። ጩኸቱ እስኪበርድ ቆሞ ጠበቀ።

«መቼ?» አለ።

«ፍሎረንስ እያለን» አለ በሪሁን።

«ተቀበረ?»

በሪሁን መሬት መሬት እያየ፣ «ትናንት። ሥርዓቱ በደንብ ተፈጽሟል፣ ሰውም ነበረ፣ ቄስም ነበረ» አለ።

አለልኝ ዞሮ ሞሲሳን ፈለገው። ሞሲሳ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። «ሞሲሳ» አለው፣ «የትናንቷን ሴትዮ የት ነው ያደረስናት?»

ሞሲሳ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ቤቱ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚባለው አልገባውም፤ እኔም ያኔ አልገባኝም። አለልኝ ግን፣ «ደውልልኝ። እዚያ ለነበረው ሰው ደውልልኝ» አለ። በሪሁን፣ «አሁን ጊዜው አይደለም፣ መጀመሪያ ይውጣልህ፣ አልቅስ» ሲል በእጁ ገለል አደረገው። ሞሲሳ ደወለ፤ ስልኩን ለአለልኝ ሰጠው። አለልኝ በስፒከር አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«ጋሽ አለልኝ? ናፍያድ ነኝ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«እሺ ልጄ። ስንት ሰው ነበራችሁ?»

«አራት። እኔ፣ ከፋብሪካው አንድ ልጅ፣ ቄሱና ጎረቤቱ አሮጊቷ። ሣጥኑን የመቃብሩ ሠራተኞች ናቸው የተሸከሙልን።»

«አፈር ማን አለበሰው?»

«እኔ ነኝ። ጋሼ፣ ጠብቀንዎት ነበር። አሮጊቷ እያለቀሰች መጣችና ወንድሙ መጥቷል፣ በሩ ላይ ነው አለችን። ሣጥኑን ሊያወርዱ ገመድ ይዘው ነበር፣ አስቆምናቸው። ሠራተኞቹ ሌላ ቀብር አለብን ብለው እስኪቆጡ ድረስ ዝናብ ላይ ቆመን ጠበቅንዎት። በመጨረሻ ያንን የፋብሪካውን ልጅ ወደ በሩ ላክነው። መኪናው ሄዷል ብሎ መጣ።»

ከላይ ከደረጃው ሊዲያ ብቻ ታለቅሳለች።

«አዎ፣ ሄደናል» አለ አለልኝ። «እኔ ነኝ ንዳ ያልኩት። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ አንተ ወንድም ሆንከው።»

ስልኩን አንሥቶ ለሞሲሳ መለሰለት። ከዚያ ነው ያለቀሰው። በሪሁን ሊይዘው ሲጠጋ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ገፋው፤ ጎረምሶቹ ወደ ኋላ አሉ፤ ጋሽ ሐብተማርያምም እጃቸውን ሰበሰቡ። ሚስቱን እንኳን፣ «አትንኪኝ» አላት። ሁላችንም ለእሱ ብለን ሌሊት ተነሥተን የመጣን ነን። ግድግዳውን ይዘን፣ እርስ በርስ ተጠጋግተን ቆመን፣ ብቻውን ሲያለቅስ አየነው።